ሌባ ሻይ፤ የሕፃን ቃልና የአገር ፍርሃት

ሰው የሚፈራው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በዓይን የሚታይ፤ እንደ ውርጭ፣ እንደ ጎርፍ፣ እንደ አንበጣ ያለ ነው። ሁለተኛው በዓይን የማይታይ፤ ነገር ግን በልብ አድሮ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያለያይ ጥርጣሬ ነው። ለመጀመሪያው አባቶቻችን ዘዴ ፈልገውለታል፤ ለመንዝ ብርድ ባና ሠርተዋል፣ ለጎርፉ ቦይ ቀደዋል። ለሁለተኛው የተፈለገው ዘዴ ግን ብዙ ጊዜ ከበሽታው የባሰ ሆኖ ተገኝቷል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ይህን ነው፤ ይኸውም የአንድ ሕፃን ቃልና የአንድ አገር ፍርሃት በተገናኙ ጊዜ ንጹሕ ሰው እንዴት እንደሚጠፋ ነው።

ይህን አርእስት የመረጥሁበት ምክንያት በታሪክ ትምህርት ጊዜ መምህራችን ስለ ቀድሞው የኢትዮጵያ ፍርድ አሠራር ሲያስረዱን ‹‹ሌባ ሻይ›› የሚባል ነገር ጠቅሰው ስላለፉ ነው። ከክፍል ስንወጣ ብዙዎቻችን ሳቅን። እኔ ግን ነገሩን ወደ ቤት ይዤው ሄድሁ፤ በዘመሮ ያሉ አዛውንቶችን ጠየቅሁ፤ ያገኘሁትንም መጽሐፍ አነበብሁ። ከዚያ በኋላ ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም።

ሌባ ሻይ ምን ነበር?

በአማርኛ ‹‹ሻ›› ማለት ፈለገ ማለት ስለ ሆነ ሌባ ሻይ ማለት ሌባ ፈላጊ ማለት ነው፤ ከምንጠጣው ሻይ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። አሠራሩም እንደሚከተለው ነበር። ንብረት የጠፋበት ሰው ለሌባ ሻዩ አለቃ ያመለክታል። አለቃው አንድ ለጋ ወንድ ልጅ ያቀርባል፤ ልጁም መድኃኒት የተጨመረበት ነገር ይጠጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ጢስ እንዲስብ ይደረጋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጁ ራሱን ይስታል፤ ዓይኑ ይፈዛል፤ እየተንገዳገደ ይነሣል። በወገቡ ላይ ገመድ ወይም መቀነት ታስሮ አንድ ሰው ጫፉን ይይዛል። ልጁ ፊት ፊት ይሄዳል፤ ገመድ ያዡ ይከተላል፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ በጭንቀት ይመለከታል። ልጁ በየቤቱ ይገባል፣ ይወጣል፤ በመጨረሻ ከአንዱ ቤት ገብቶ የተኛ ወይም የወደቀ እንደ ሆነ የዚያ ቤት ጌታ ሌባ ነው ይባላል። ሰውየውም የጠፋውን ዕቃ ዋጋ ይከፍላል፤ ‹‹አልሰረቅሁም›› ቢል የሚሰማው የለም።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ወደ አገራችን የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች ይህን አሠራር በመደነቅ ጽፈውታል። ኋላም የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበሩት የስዊስ ተወላጅ አልፍሬድ ኢልግ ነገሩን ለአውሮፓ ሊቃውንት ካወሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። የአሠራሩ ፍጻሜ የመጣው ዘመናዊ ፍርድ ቤትና ፖሊስ እየተስፋፉ ሲሄዱ ነው።

አንድ የዘመሮ አዛውንት ከአባታቸው የሰሙትን ሲያጫውቱኝ እንዲህ አሉኝ። ‹‹ልጄ፤ ሌባ ሻይ መጣ በተባለ ቀን ሌባው ብቻ አልነበረም የሚንቀጠቀጠው። በሕይወቱ የሰው እህል ያልነካው ሰው ከሁሉ ይልቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌባው ለምን እንደሚፈራ ያውቃል፤ ንጹሑ ግን ልጁ ወዴት እንደሚዞር አያውቅም።›› ይህ አነጋገር እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።

ሌላው መንገድ፤ አውጫጭኝ

አባቶቻችን ሌባ የሚፈልጉት በሕፃን ብቻ ነበር ብንል ግን በደል ይሆናል። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ሌላ ሥርዓት ነበራቸው። ሌብነት ወይም ግድያ በተፈጸመ ጊዜ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ የሚያውቀውን እንዲናገር በመሐላ ይጠየቃል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስም ከስብሰባው መለየት አይፈቀድም። በግልጽ ለመመስከር የሚፈራ ሰው ቢኖር ቃሉን በምሥጢር ይሰጣል፤ ይህም ምስክር ‹‹ወፍ›› ይባላል። ዛሬ ‹‹ወፍ ነገረኝ›› ስንል የምንጫወተው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

አውጫጭኝም እንከን አልነበረውም ለማለት አልችልም። ስሙ የማይታወቅ ወፍ ቂሙን ሊወጣ ይችላል፤ አገሬው ከሥራው ተፈቶ ብዙ ቀን ይጉላላል። ነገር ግን ከሌባ ሻይ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። በአውጫጭኝ የሚጠየቀው ጥያቄ ‹‹ምን አየህ? ምን ሰማህ?›› የሚል ነው። በሌባ ሻይ ግን ያየ የለም፤ የሰማም የለም። ራሱን የሳተ ሕፃን መውደቁ ብቻ እንደ ማስረጃ ይቈጠራል። ስለዚህ አንደኛው ጎደሎ ቢሆንም ምርመራ ነው፤ ሁለተኛው ግን የምርመራ ልብስ የለበሰ ፍርሃት ነው።

ገመዱን የያዘው ማን ነው?

አንባቢ ሆይ፤ ‹‹ታዲያ አንዳንድ ጊዜ እውነተኛው ሌባ በዚህ መንገድ ተገኝቷል ይባላል፤ ይህ እንዴት ሆነ?›› ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም አራት ምክንያት አገኘሁለት።

1ኛ፤ ሌባው ራሱ በሌባ ሻይ ስለሚያምን ልጁ ከቤቱ ሳይደርስ ይሸሻል፣ ወይም ዕቃውን በሌሊት መልሶ ይጥላል። እንዲህ ሲሆን ሌባውን ያወጣው የልጁ ዕውቀት ሳይሆን የሌባው ፍርሃት ነው።

2ኛ፤ በትንሽ መንደር የሚጠረጠረው ሰው ቀድሞውኑ ይታወቃል። ልጁም መድኃኒቱን ከመጠጣቱ በፊት ጆሮ ያለው ልጅ ነበር።

3ኛ፤ ሰው የያዘለትን እንጂ የሳተበትን አያስታውስም። ሌባ ሻዩ አንድ ጊዜ እውነተኛውን ሌባ ቢይዝ ለልጅ ልጅ ይወራል፤ አሥር ጊዜ ንጹሕ ቢይዝ ግን ‹‹ሌባ ነበረ፤ ተያዘ›› ተብሎ ይቀራል እንጂ ‹‹ሳተ›› የሚል አይገኝም። ምክንያቱም የተከሰሰው ሰው ንጹሕ መሆኑን የሚያስረዳበት መንገድ የለውም።

4ኛ፤ የገመዱ ነገር አለ። በልጁ ወገብ ላይ የታሰረውን ገመድ የያዘው ሰው ሳይታወቀው እንኳ ሊያላላ ወይም ሊያጠብቅ፣ በአንዱ ደጃፍ ሊዘገይ፣ በሌላው ሊፈጥን ይችላል።

ይህን አራተኛውን ነገር ለመረዳት አንድ የፈረስ ታሪክ ይጠቅመናል። በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ ብልኁ ሐንስ የሚባል ፈረስ ነበር። ጌታው ቮን ኦስተን ‹‹ፈረሴ ሒሳብ ያውቃል›› ይል ነበር። በእርግጥም ‹‹3 እና 4 ስንት ነው?›› ተብሎ ሲጠየቅ ፈረሱ በሰኮናው 7 ጊዜ መሬቱን ይመታና ያቆማል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1904 ሊቃውንት ተሰብስበው መረመሩትና የማታለል ሥራ አጡበት። ነገር ግን ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ነገሩን በጥሞና አጥንቶ በ1907 እውነቱን አወጣ። ጠያቂው መልሱን ራሱ የማያውቀው በሆነ ጊዜ፣ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን እንዳያየው በተደረገ ጊዜ ፈረሱ ምንም አያውቅም። ለካ ትክክለኛው ቍጥር ሲደርስ ጠያቂው ሳይታወቀው ራሱን በጥቂቱ ያንቀሳቅስ ኖሯል፤ ፈረሱም የሚያነበው ሒሳቡን ሳይሆን የሰውየውን ፊትና አንገት ነበር። ጌታውም አታላይ አልነበረም፤ ራሱም አምኖ ነበር።

እንግዲህ ፈረስ ይህን ያህል ከሰው ፊት ማንበብ ከቻለ፣ የሰው ልጅ ከአባቱ፣ ከእናቱ፣ ከአለቃው ፊት ምን ያህል ያነብ ይሆን?

ሕፃን ውሸታም ነውን?

በዚህ ስፍራ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሕፃን ሁሉ ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ ልጆች የደረሰባቸውን እውነተኛ በደል ተናግረው ባለመታመናቸው ተጎድተዋል፤ ይህም ታላቅ ኃጢአት ነው። ማለት የፈለግሁት የሕፃን ቃል እንደ ጠያቂው አጠያየቅ ይለዋወጣል ነው።

የፈረንሳዩ የሥነ ልቡና ሊቅ አልፍሬድ ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1900 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በፈተና አሳይቷል። በካርቶን ላይ ልዩ ልዩ ዕቃዎች ለጥፎ ለልጆች ለጥቂት ጊዜ አሳያቸው። ከዕቃዎቹም አንዱ በሙጫ የተጣበቀ ቍልፍ ነበር። ኋላ ‹‹ያያችሁትን ሁሉ ተናገሩ›› ሲላቸው የተናገሩት በአብዛኛው ትክክል ነበር። ነገር ግን ቍልፉ የተያዘው በክር እንደ ሆነ አስመስሎ ስለ ክሩ በጠየቃቸው ጊዜ ብዙዎቹ ያልነበረውን ክር እንዳዩ አድርገው መለሱ። ልጆቹ ሊዋሹ አላሰቡም። ትልቅ ሰው ከጠየቀ ክር መኖር አለበት ብለው አመኑ እንጂ።

ይህ ነገር በክፍል ውስጥ የሚቀር ጨዋታ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ አንዲት እናት በአንድ የሕፃናት መዋያ ላይ ክስ አቀረበች። ፖሊስም ልጆቻቸውን ጠይቀው እንዲያስታውቁ ወደ 200 ለሚሆኑ ወላጆች ደብዳቤ ላከ። ወላጆች ደነገጡ፤ ልጆቻቸውን ደጋግመው ጠየቁ። ጠያቂዎች ተቀጥረው በመቶ የሚቈጠሩ ሕፃናትን መረመሩ፤ ‹‹ምንም አልሆነም›› ያለውን ልጅ እንደገና ይጠይቁታል፤ ‹‹ሆኗል›› ያለውን ያመሰግኑታል። በመጨረሻ ልጆቹ ከመዋያው በታች ስላለ ዋሻና ስለ ሰይጣን ሥርዓት መናገር ጀመሩ። ክሱ እስከ 1990 ቈይቶ አንድም ሰው ሳይፈረድበት ተዘጋ፤ የሰዎቹ ኑሮና ስም ግን ፈርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በዚያን ጊዜ ሕፃን ከነበሩት አንዱ አድጎ ያን ጊዜ የተናገረው ውሸት እንደ ነበረና ትልልቆቹ ሊሰሙት የፈለጉትን እንደ ተናገረ ለጋዜጣ አስታወቀ።

ልብ በሉ፤ በዚህ ታሪክ መድኃኒት የጠጣ ልጅ የለም፤ በወገቡም ገመድ የታሰረበት የለም። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ገመድ ነበር።

ፍርሃት በአገር ላይ ሲወርድ

የሕፃን ቃል ብቻውን ሰው አይገድልም። የሚገድለው የተዘጋጀ ፍርሃት ሲያገኝ ነው። ለዚህ በዓለም ሁሉ የታወቀው ምሳሌ የሴለም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1692 መጀመሪያ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ አገር በሴለም መንደር የ9 እና የ11 ዓመት ልጃገረዶች መንፈራገጥና መጮህ ጀመሩ። ‹‹ማን አስደገመባችሁ?›› ተብለው ተጠየቁ። መጀመሪያ የተከሰሱት ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ አንዲቱ ባሪያ፣ አንዲቱ ለማኝ፣ አንዲቱም በሕመም ምክንያት ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቋረጠች ነበረች። ይህን አስተውሉ፤ ፍርሃት መጀመሪያ የሚበላው ዘመድ የሌለውን ነው። ኋላ ግን እየሰፋ ሄዶ የተከበሩትን ሰዎች ነካ። ከ150 የሚበልጡ ሰዎች ተከሰው ታሰሩ፤ 19ኙ ተሰቀሉ፤ አንድ ሽማግሌም ድንጋይ ተጭኖበት ሞተ። ‹‹ጠንቋይ ነኝ›› ብሎ ያመነና ሌላውን የጠቈመ ሕይወቱን ያተርፋል፤ ‹‹ንጹሕ ነኝ›› ያለ ይሰቀላል። እንዲህ ባለ ፍርድ ውስጥ ሐሰት ትርፍ፣ እውነት ኪሳራ ይሆናል። ከከሳሾቹ አንዷ፣ በዚያን ጊዜ 12 ዓመት የነበራት ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1706 በቤተ ክርስቲያን ፊት ይቅርታ ጠየቀች። የተሰቀሉት ግን አልሰሟትም። አሜሪካዊው ደራሲ አርተር ሚለር በዚህ ታሪክ ላይ የታወቀውን የቲያትር መጽሐፉን በ1953 ጽፏል።

ከአገራችንም ብንፈልግ ከሩቅ አንሄድም። በዞናችን ዋና ከተማ በደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥታቸውን የመሠረቱት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) በጽሑፍና በሃይማኖት ሥራ ታላቅ ንጉሥ ነበሩ። ነገር ግን ዜና መዋዕላቸው ራሱ እንደሚናገረው በዘመናቸው በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ ታላቅ ፍርሃት ወርዶ ነበር። ንጉሡ ለጣዖትና ለጥንቈላ የሚሰግዱትን ለማጥፋት ተነሡ። በዚህ ጊዜ ‹‹እኛ ሰግደናል›› ብለው ያመኑ ሰዎች ‹‹ከእኛ ጋር እገሌም ሰግዷል›› እያሉ ብዙ ንጹሐንን በሐሰት አስጠፉ። የንጉሡ የራሳቸው ልጆች እንኳ ሳይቀሩ ተከሰው ተቀጡ። በሴለምና በደብረ ብርሃን መካከል ከ200 ዓመት የበለጠ ጊዜና ታላቅ ባሕር አለ፤ የነገሩ አካሄድ ግን አንድ ነው። የሚያምን ሰው ይተርፋል፤ ለመትረፍም ሌላ ሰው ይጠቍማል።

በእኛ ቤት ያለው ገመድ

እስካሁን የጻፍሁት ስለ ሌሎች ሰዎችና ስለ ሌላ ዘመን ስለ ሆነ ለማንበብ አይከብድም። አሁን ግን ወደ ራሳችን ልምጣ።

በመንዝና በጊሼ፣ በመርሐቤቴም እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ ስለ ቡዳ ሲወራ ያልሰማ ሰው አይገኝም። ሮናልድ ሬሚኒክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ መንዝ ተቀምጦ ስለዚሁ እምነት ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1974 በሳይንስ መጽሔት አሳትሟል። ሰው በድንገት ሲታመም፣ ሲጮህ፣ ያለ ምክንያት ሲስቅ ወይም ሲያለቅስ ‹‹ተበላ›› ይባላል። ከዚያ ጢስ ይታጠናል፤ ዙሪያውን የከበቡትም ‹‹ማን ነህ? ከየት ያዝኸው?›› እያሉ ይጠይቁታል። ታማሚው ‹‹እስኪለፈልፍ›› ድረስ ጥያቄው አይቋረጥም። የሚጠበቀውም ነገር ስም ነው።

አንባቢዎቼ፤ ይህ ከሌባ ሻይ በምን ይለያል? በዚያ ጢስ አለ፤ በዚህም ጢስ አለ። በዚያ ራሱን የሳተ ልጅ አለ፤ በዚህም ብዙ ጊዜ ትኵሳት ያቃጠለው ልጅ ወይም ልጃገረድ አለች። በዚያ ገመድ ያዥ አለ፤ በዚህም ጠያቂ አለ። የሚጠራውስ ስም የማን ነው? አስቀድሞ የተጠረጠረው፣ ይኸውም ብዙ ጊዜ የቀጥቃጩ፣ የሸክላ ሠሪዋ፣ የሸማኔው ስም ነው። ታማሚው ልጅ ይህን ስም ከጥንቈላ አላመጣውም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከእሳት ዳር ሲሰማው ያደገው ስም ነው።

ነገሩ እጅግ የሚያሳዝን የሚሆነው ደግሞ የሚጠረጠሩትን ሰዎች ሥራ ስናስብ ነው። ገብሳችንን የምናርስበት ማረሻ ከማን እጅ ወጣ? እንጀራችን የሚጋገርበት ምጣድ፣ ውሃ የምንቀዳበት እንስራ፣ ቡናችን የሚፈላበት ጀበና የማን ሥራ ነው? በገበያ ቀን ምጣዱን መርጠን፣ አንኳኵተን፣ ዋጋ ቀንሰን እንገዛለን፤ ከዚያ ሠሪዋን ‹‹ዓይኗ አያርፍብን›› ብለን ፊታችንን እናዞራለን። ልጇን ለጋብቻ አንጠይቅም። ልጇ ትምህርት ቤት ብትገባ ከጎኗ የሚቀመጥ አይገኝም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ መከልከላቸውን ሳነብ እጅግ ተገረምሁ። ከዚያ ወዲህ ከ100 ዓመት በላይ አልፏል። ዐዋጁ ተረስቶ ስድቡ ቀርቷል።

ይህ እምነት የሚጎዳው የሚጠረጠረውን ብቻ አይደለም። ታማሚውንም ይገድላል። በድንገት የሚያስጮህና የሚያስቀባዥር ሕመም የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ ቆላ ወርዶ ለተመለሰ ሰው ወባ ሊሆን ይችላል፤ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ በሐኪም የሚረዱ ናቸው። ነገር ግን ስም ለማስለፍለፍ ጢስ ሲታጠን ያደረ ልጅ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በዚያን ሌሊት የጠፋው ጊዜ ተመልሶ አይገኝም። ልጁ የሞተ እንደ ሆነ ደግሞ ሁለት ቤት ይፈርሳል፤ የሟቹ ቤትና ‹‹በላው›› የተባለው ሰው ቤት።

የጥንት ነገር ብቻ አይደለም

አንዳንድ ጓደኞቼ ‹‹ይህ ያልተማረ ሰው ነገር ነው፤ በእኛ ዘመን ይቀራል›› ይላሉ። እኔ ግን በመማር ብቻ ይቀራል ብዬ አላምንም። በመስከረም ወር መጨረሻ በ2011 ዓ.ም. በዚሁ በአማራ ክልል፣ በምዕራብ ጎጃም በሜጫ ወረዳ በአዲስ ዓለም፣ ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በሕዝብ ተደብድበው ተገደሉ። ምክንያቱ ወሬ ነበር፤ ‹‹ለተማሪዎች ክፉ መርፌ ወግተዋል፤ ልጆቻችንን ሊመርዙ ነው›› የሚል ወሬ። እነዚያ ሰዎች የሄዱት በሽታ ሊያጠኑ ነበር። የገደሏቸውም ሰዎች ልጆቻቸውን የሚወዱ አባቶችና እናቶች ነበሩ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ክፋት ብቻ ቢሆን በቀላሉ ይለያል፤ ልጅን ከመውደድ የመጣ ፍርሃት ግን ራሱን እንደ ጽድቅ ይቈጥራል።

ዛሬ ደግሞ ወሬ በእግር አይሄድም። በቀድሞ ዘመን ከዘመሮ የተነሣ ወሬ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ ቀናት ይፈጅ ነበር፤ በመንገድም ‹‹ቈይ፤ ነገሩ እንዲህ አይደለም›› የሚል ሽማግሌ ያጋጥመው ነበር። ዛሬ በስልክ በአንድ ደቂቃ አገር ያዳርሳል፤ ሽማግሌውን ሳያገኝ ያልፋል።

ምን እናድርግ?

ትምህርት ፍሬው በሥራ ላይ መዋል ስለ ሆነ ሐሳቤን በጥቂት ነጥቦች ልደምድም።

1ኛ፤ በሰው ላይ ክፉ ቃል ሲነገር ‹‹ማን አየ? ምን አየ? የት ሆኖ አየ?›› ብለን እንጠይቅ። የአውጫጭኝን መልካም ክፍል እንያዝ። ‹‹ይባላል›› ምስክር አይደለም።

2ኛ፤ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ክፉ ነገር ደረሰብኝ ሲል ስሙት፤ አትቈጡት፤ አታስፈራሩት። ነገር ግን መልሱን በአፉ አታጕርሱት። ‹‹እገሌ ነው አይደል?›› ከማለት ‹‹ምን ሆነ? ንገረኝ›› ማለት ይሻላል። አንድ ጊዜ በጸጥታ ጠይቃችሁ ጕዳዩን ለሚመለከተው ሰው ስጡ።

3ኛ፤ ሰው በድንገት ሲታመም መጀመሪያ የሚፈለገው ስም ሳይሆን ጤና ጣቢያ ይሁን። ጸሎት የሚፈልግ ጸሎቱን፣ ጸበል የሚፈልግም ጸበሉን አይተው፤ ወደ ሐኪም መሄድንም አያስቀር። የሰው ስም ማስለፍለፍ ግን ጸሎትም ሕክምናም አይደለም።

4ኛ፤ የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ በማስረጃ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቈጠር የአገራችን ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ደንግጓል። ይህ ሕግ የተጻፈው ለዳኞች ብቻ ነው ብለን አናስብ። ክፍል ውስጥ እስክርቢቶ የጠፋበት ተማሪ፣ ከመንጋው በግ የጎደለበት ገበሬ፣ ልጅ የታመመባት እናት ሁሉም በዚያን ሰዓት ዳኞች ናቸው።

5ኛ፤ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ ከቀጥቃጭና ከሸክላ ሠሪ ልጅ አጠገብ እንቀመጥ። አብረን እንብላ። የጥናት ጓደኛ እናድርጋቸው። መቶ ዓመት ዐዋጅ ያላደረገውን አንድ ወንበር ሊያደርገው ይችላል።

በአገራችን ‹‹ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም›› ይባላል። ብዙ ጊዜ ይህ ተረት ልጅን ለመንቀፍ ይነገራል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ሌላ ነገር ይታየኛል። ልጁ ዱቄቱን ከጎተራ አላወጣውም፤ ውሃውን አልቀዳም፤ ቡሃቃውን አላቀረበም። ይህን ሁሉ አቅርቦ ‹‹አቡካ›› ያለው ትልቅ ሰው ነው፤ ወቀሳው ወደ እርሱ ይሂድ። እንደዚሁም ‹‹እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል›› ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሌሊቱ ሳይነጋ የሚሞት ሰው ስላለ ንጋቱን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይበቃም። እኛ የተማርነው ሌሊቱን መብራት ይዘን እንድንቆም ነው። ስለዚህ በመንደራችን ወይም በክፍላችን አንድ ስም በክፉ ሲጠራ በሰማን ጊዜ ከመጮሃችን በፊት፣ ያን ስም ያወጣው ልጅ ወገብ ላይ ገመድ እንዳለና ጫፉ በማን እጅ እንደ ሆነ እንመልከት፤ በእኛም እጅ ከሆነ እንልቀቀው።